ከይቅርታ በኋላ የሚቀረው

አንድ ሰው ኀጢአቱን ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ፣ አልቅሶ፣ የተሰጠውን ቀኖና ፈጽሞ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በሚወጣበት ጊዜ ምን ዕዳ ይቀረዋል? ብዙዎቻችን ፈጥነን «ምንም አይቀረውም» እንል ይሆናል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል የሚሆነው እስከ እኩሌታው ድረስ ብቻ ነው። ሌላውን እኩሌታ ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የገበያ ቀን ስለ ሆነ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገሬን ከዚያ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ራሱ እንደሚያስረዳው ገበያዋ የሚቆመው ረቡዕ ቀን ነው። በዚያ ቀን የደጋው ሰው ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ይወርዳል። በገበያው ውስጥ የሚሸጠውና የሚሸመተው እህል ብቻ አይደለም፤ ወሬም፣ እርቅም፣ ቂምም፣ የሰው ስምም ጭምር ነው። ማን ምን እንደ ሰረቀ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ተባረረ በረቡዕ ገበያ ያልተነገረ ነገር በሐሙስ አይታወቅም።

የእኔም በደል በዚያ ገበያ ተነግሯል።

የአንድ ልጅ ስም

መምህርነት በጀመርሁበት ዓመት የአንድ 11ኛ ክፍል ኀላፊ ሆኜ ነበር። ለፈተና ወረቀት ማባዣ ከተማሪዎቹ የተዋጣ 640 ብር ጠፋ። ገንዘቡን ሰብስቦ ያስረከበኝ የክፍሉ አለቃ ነበር፤ ልጁ የገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛና ትጉህ ነው። እኔ ግን «አልተቀበልሁህም» አልሁት። እርሱ «ሰጥቼዎታለሁ» አለኝ። በተማሪዎቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሌባ» ብዬ ሰደብሁት፤ ለትምህርት ቤቱም አስተዳደር ጽፌ ከሰስሁት። ልጁ ሳምንት ያህል ጠብቆ ከትምህርት ቤት ቀረ። አባቱም ሌባ የተባለ ልጅ ለማስተማር የቤት ኪራይና ስንቅ መክፈል ስላልፈቀደ ወደ እርሻው መለሰው።

ከአምስት ወር በኋላ ዓመቱ ሲያልቅ የነጥብ መዝገቤን ልመልስ ስል፣ በመዝገቡ ልባስና በሽፋኑ መካከል አንድ ፖስታ አገኘሁ። 640 ብሩ በውስጡ ነበረ። በራሴ እጅ ያስቀመጥሁት ነው።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርሁ መተረክ አያስፈልግም። በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተናዘዝሁ። ሽማግሌው ካህን እስክጨርስ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ ቆዩና፦

«ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የነገርኸውን ለልጁ ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«አልነገርሁም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ንስሐህ ገና እመንገድ ላይ ናት። ሂድና ንገረው። ደግሞም ስሙን ያጠፋኸው በሰው ፊት ነውና በሰው ፊት መልስለት። በጓዳ ይቅርታ ጠይቀህ በአደባባይ ያጠፋኸውን አትተውበት።»

እኔ ስግደትና ጾም ብቻ ይታዘዝልኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ስግደቱም ጾሙም ታዞልኛል፤ የከበደኝ ግን ይህኛው ነው።

በትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ቆሜ እውነቱን ተናገርሁ። በተከታዩም ረቡዕ ወደ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ልጁን ያገኘሁት በድንች ተራ ጆንያ ሲያስር ነው። እናቱ ከአጠገቡ ቆመው ነበር። እግሩ ላይ ልወድቅ ብል ትከሻዬን ይዞ አቆመኝና፦

«መምህር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔ ቂም አልያዝሁብዎትም። ግን የትምህርቱ ነገር አለፈ» አለኝ።

እናቱ ግን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «እኔም ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን ልጄን አገሩ ሁሉ ሌባ ብሎታል። አሁን የእርስዎን ይቅርታ ለየቤቱ ማን ያድርስልኝ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ብዬ አምናለሁ። ልጁም ይቅር ብሎኛል። የጠፋው ዓመት ግን አልተመለሰም፤ የወጣውም ቃል ወደ አፌ አልገባም። የአገራችን ሰው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ይህንኑ ነው። እነሆ፣ ከይቅርታ በኋላ የሚቀረው ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚያ ቀን ጀምሬ ስመረምር ቆይቻለሁ።

ዳዊት ይቅር ተባለ፤ ሕፃኑ ግን ሞተ

ክርስትና ይህን ጥያቄ አልሸሸገውም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈው የንጉሥ ዳዊት ታሪክ ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ዳዊት የወታደሩን የኦርዮንን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ በደሉንም ለመሸፈን ኦርዮንን ጦሩ ከበረታበት ስፍራ አሰልፎ አስገደለው። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድኻውን በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ ንጉሡ በቍጣ በራሱ ላይ ፈረደ። ከዚያም «በድያለሁ» ብሎ አመነ።

የናታን መልስ ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው እግዚአብሔር ኀጢአቱን እንዳራቀለትና እንደማይሞት የሚነግር ነው። ሁለተኛው ግን ከቤርሳቤህ የተወለደው ሕፃን እንደሚሞት፣ ሰይፍም ከቤቱ እንደማይርቅ የሚያስታውቅ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። ሕፃኑም በሰባተኛው ቀን ሞተ። ቆይቶም የዳዊት ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን ደፈራት፤ ወንድሟ አቤሴሎም አምኖንን ገደለ፤ አቤሴሎምም በአባቱ ላይ ዐምፆ ጠፋ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «ታዲያ ይቅርታው የት አለ?» ይላል። ነገር ግን ታሪኩን በጥንቃቄ ያየው ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። ዳዊት በሰው ሚስት የተመኘውን ወሰደ፤ አምኖንም በእኅቱ የተመኘውን ወሰደ። ዳዊት በተንኰል አስገደለ፤ አቤሴሎምም በተንኰል አስገደለ። ልጆቹ የተከተሉት የአባታቸውን ጸሎት ሳይሆን የአባታቸውን ሥራ ነው። ኀጢአት ዘር ነውና፣ የዘሪው ዕዳ ቢሰረይለትም ዘሩ በእርሻው ላይ ይበቅላል። ያም ሆኖ ዳዊት ከእግዚአብሔር ፊት አልተጣለም። በቤተ ክርስቲያናችን የንስሐ ጸሎት ሆኖ ዘወትር የሚደገመው 50ኛው መዝሙር በርእሱ እንደ ተጻፈው የተነገረው ከዚያ በደል በኋላ ነው። እንግዲህ ይቅርታና መከራ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሁለቱ ዕዳዎች

ከዚህ የምንማረው በእያንዳንዱ በደል ውስጥ ሁለት ዕዳ መኖሩን ነው። አንደኛው በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለው ነው፤ ይህን ዕዳ ሰው በገንዘቡም በጕልበቱም ሊከፍለው አይችልም። ክርስትና እንደሚያስተምረው የተከፈለው በመስቀል ላይ ነው፤ የሚሰረየውም ፈጽሞ ነው። ሁለተኛው በደሉ በዓለም ላይ ጥሎት የሚሄደው ጠባሳ ነው፤ የተገደለው ሰው፣ የፈረሰው ትዳር፣ የጠፋው ስም፣ በመጠጥ የተጎዳው ጤና፣ አባቱን የማያውቀው ሕፃን ይህ ሁሉ ነው። የመጀመሪያው ሲሰረይ ሁለተኛው አብሮ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ነው የብዙዎቻችን ስሕተት።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ጥቂት ነው። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቶ ነበር፤ በመጨረሻም በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ ውሃ የጠማው ድኻ ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ ነፍሱ ምሕረትን አገኘች። ታሪኩን ሰምቶ «እንግዲያው እኔም የፈለግሁትን ሠርቼ በመጨረሻ ጥርኝ ውሃ እሰጣለሁ» የሚል ቀልደኛ በየመሸታ ቤቱ አይጠፋም። ነገር ግን ታሪኩ የሚናገረው ስለ ምሕረት ስፋት እንጂ ስለ ኀጢአት ቅለት አይደለም። በላዔ ሰብእ ዳነ፤ ሰባ ስምንቱ ግን ከመቃብር ተነሥተው ወደየቤታቸው አልሄዱም።

ቀኖና ቅጣት ነው ወይስ መድኃኒት?

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ነገር ያላት ሥርዓት በጥልቀት የታሰበበት ነው። ንስሐ የሚባለው አንድ ድርጊት ሳይሆን ተከታታይ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ጸጸት አለ፤ ቀጥሎ በደልን በስሙ ጠርቶ ለካህን መናዘዝ አለ፤ ከዚያም ቀኖና አለ፤ በመጨረሻም ሥጋ ወደሙን መቀበል አለ። ቀኖናው እንደ በደሉ ክብደትና እንደ ሰውየው ዐቅም ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ሰው ቀኖናን እንደ መቀጮ ይመለከተዋል፤ «ይህን ያህል ሰገድሁ፣ ሒሳቤ ተዘጋ» ይላል። የአባቶች ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ካህኑ ዳኛ ሳይሆን ሐኪም፣ ቀኖናውም መቀጮ ሳይሆን መድኃኒት ነው። እጁ የተሰበረ ሰው አጥንቱ ከተቀጠለ በኋላ እጁን ቀስ በቀስ ማሠራት እንዳለበት ሁሉ፣ በኀጢአት የላላ ፈቃድም መልመጃ ያስፈልገዋል።

የተወሰደን መመለስም የዚሁ ክፍል ነው። በወንጌል የተጻፈው ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ ዘኬዎስ መልሶ አይደለም ጌታ የመጣለት፤ ጌታ ስለ መጣለት ነው የመለሰው። ካሳ የይቅርታ ዋጋ አይደለም። የይቅርታ ፍሬ ነው።

ደም በጎጃም

ይህን ነገር የጎጃም ገበሬ ከመጽሐፍ ሳያነብ በኑሮው ያውቀዋል። በወሰን፣ በውሃ ወይም በአንድ የስካር ቃል ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ዘመዱ ሁሉ ደመኛ ይሆናል። ወንድሙ ከሟች ወንድም ጋር በአንድ መንገድ አይሄድም፤ በአንድ ገበያ አይውልም፤ በአንድ ማኅበር ጽዋ አይጠጣም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላልና ነገሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ደም ለማድረቅ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤተ ሰብ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ፤ ደግመው ይመለሳሉ። ቤተ ሰቡ እሺ ያለ ቀን ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ካሳው ይቈረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፤ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ማዕድ ይቈርሳሉ።

ድንጋዩን የመሸከሙን ትርጉም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሰውየው «ይቅር በሉኝ» ብሎ በአፉ ብቻ ቢናገር ቃሉ ቀላል ነው። ድንጋዩ ግን ክብደት አለው። «የሠራሁት ይህን ያህል ይከብዳል፤ እኔም ክብደቱን ዐውቄ ተሸክሜዋለሁ» ማለት ነው። ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ አውርድ የሚሉት የተበደሉት ናቸው፤ እርሱ ራሱ ሊያወርደው አይችልም። ከወረደም በኋላ ቢሆን አስተዋይ ሰው በሟች እናት ፊት ሲሥቅና ሲፎክር አይታይም፤ በሰርግም በለቅሶም ቦታውን ያውቃል። ይህ ማፈር ቂም አይደለም፤ ጨዋነት ነው።

የመንግሥትም ሕግ የራሱ ድርሻ አለው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን በ1997 ዓ.ም. የተካው የወንጀል ሕግ፣ ቤተ ሰብ ታረቀ ብሎ ነፍሰ ገዳይን በነጻ አይለቅም። ከልብ መጸጸትና የተቻለውን ያህል መካስ ግን ቅጣትን ሊያቀልል እንደሚችል ያስባል። እንግዲህ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ተፈትቶ፣ በሽማግሌ ታርቆ፣ በወኅኒ ቤት ግን ዓመታቱን ሊቈጥር ይችላል። ሦስቱ አይጣሉም፤ እያንዳንዱ የተለየ ዕዳ ይመለከታልና።

ስሙ ያልተጠራ በደል

ይቅርታ በታላላቅ የመንግሥት በደሎች ላይ ሲመጣ ነገሩ እጅግ ይከብዳል። የራሳችን የደብረ ማርቆስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በደርግ ዘመን በጎጃም የመንግሥቱ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኋላ ወደ ኔዘርላንድ ተሰድዶ የዚያ አገር ዜጋ ሆነ። የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከተፈረደበት ወንጀል አንዱ በ1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞች ያለ ፍርድ እንዲገደሉ ማድረጉ ነው። የይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ቅጣቱን አጸና።

ሰውየው በችሎቱ ስለ ደርግ በደል የተጎዱትን ይቅርታ ጠይቋል። በራሱ ላይ የቀረበውን ክስ ግን አላደረግሁም ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ የፍርድ ቤት መብቱ ነው። ነገር ግን ከንስሐ አንጻር ካየነው ልዩነቱ ጐልቶ ይታያል። «ተበድላችኋልና አዝናለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ በድያችኋለሁ» ማለት ሌላ ነው። ዳዊት ለናታን «በመንግሥቴ ውስጥ ስሕተት ተፈጽሟል» አላለውም።

በአዲስ አበባም ተመሳሳይ ፈተና ታይቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣኖችና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ከዚያ በኋላም የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ። የደርግ ባለሥልጣኖች ከረጅም ዓመታት የፍርድ ሂደት በኋላ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። የሃይማኖት አባቶች ምሕረት እንዲደረግላቸው ለመኑ። ከተጎጂዎቹ ቤተ ሰቦች መካከል ይህን የተቃወሙ ነበሩ፤ «ማን በማን ስም ይቅር ይላል?» የሚለው ጥያቄያቸው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23 ሰዎች የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ደግሞ 16 ሰዎች ከእስር ተለቀቁ። ሃያ ዓመት ያህል ታስረው፣ አርጅተው ወጡ። ይቅርታው የወኅኒ ቤቱን በር ከፈተ፤ የጠፉትን ወጣቶች ግን ለእናቶቻቸው አልመለሰም።

ደቡብ አፍሪካ በ1988 ዓ.ም. በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ መሪነት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ባቋቋመች ጊዜ አንድ ብልህ ደንብ አወጣች። ምሕረት የሚያገኘው በፖለቲካ ምክንያት ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ የተናገረ ብቻ ነው። ካመለከቱት 7,112 ሰዎች መካከል ምሕረት ያገኙት 849 ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው መንግሥት እንኳ ይቅርታን ከእውነት ነጥሎ መስጠት እንደማይችል ነው።

ይሁዳና ጴጥሮስ

እስከ አሁን የተናገርሁት በይቅርታ ስም ከዕዳ ስለሚሸሹት ነው። ነገር ግን በሌላው ጫፍ የሚጠፉም አሉ። እነዚህ በደላቸው ትዝ ባላቸው ቍጥር ራሳቸውን የሚቀጡ፣ «እኔ ይቅር ልባል አልችልም» ብለው በሐዘን ወይም በመጠጥ የሚሰምጡ ናቸው።

ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ጌታቸውን በደሉ። ይሁዳ ተጸጽቷል፤ 30 ብሩንም መልሷል። ቢሆንም ተስፋ ቈርጦ ራሱን አጠፋ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ዶሮ ሲጮኽ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ግን ቀረ፤ ከወንድሞቹ ጋር ኖረ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ሲጠይቀው ልቡ አዘነ፤ ሦስቱ ጥያቄ ሦስቱን ክሕደት አስታውሶታልና። ጴጥሮስ መካዱ አልተደበቀለትም፤ በአራቱም ወንጌል ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይህን ተሸክሞ ነው የበጎች እረኛ የሆነው።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊምም እንዲሁ ነው። ይህ አባት በግብፅ በረሓ ከመመንኰሱ በፊት ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበር። ብዙ ዘመን በገድል ከኖረ በኋላ በረበኞች ገዳሙን ሊወጉ በመጡ ጊዜ ሌሎቹ ሲሸሹ እርሱ እንዳልሸሸ ይተረካል። በሰይፍ የኖረ ሰው በሰይፍ ቢሞት የሚያስደንቅ አይደለም ብሎ ፍጻሜውን በጸጥታ ተቀበለ። ይቅርታ ያላገኘ ሰው እንዲህ ባለ ጸጥታ አይሞትም። የሠራውንም የረሳ ሰው እንዲህ አይናገርም።

የሩስያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1866 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ወንጀልና ቅጣት» በተባለው ልብ ወለዱ ይህንኑ ተመልክቶታል። ገዳዩ ተማሪ ራስኮልኒኮፍ ስምንት ዓመት ወደ ሳይቤሪያ የሚጋዘው ከተናዘዘ በኋላ ነው፤ ልቡ መፈወስ የሚጀምረውም በዚያው በእስራቱ ቦታ ነው። ሸክሙ ሕይወቱን የሚያስጀምረው ሆነ እንጂ የሚጨርሰው አልሆነም።

ለተማሪውና ለጸሐፊው

ይህ ሁሉ የነፍሰ ገዳዮችና የነገሥታት ነገር እንዳይመስለን። የብዙዎቻችን በደል ከጠመንጃ ሳይሆን ከብዕርና ከምላስ የሚወጣ ነው። በቢሮ ያለ አንድ ወጣት ጸሐፊ የአንዲትን ባልቴት ዶሴ በቸልታ ለወራት ሲያቈይ፣ አንድ ተማሪ በፈተና ኰርጆ የሌላውን ቦታ ሲወስድ፣ አንድ መምህር ሳያጣራ በሰው ልጅ ስም ላይ ሲፈርድ፣ ማንም ሰው አልሞተም። የተሰበረ ነገር ግን አለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ የሚገባ ይመስለኛል። በደሌን በስሙ ጠርቼዋለሁን? የበደልሁትን ሰው በዐይኑ አይቼዋለሁን? ሊመለስ የሚቻለውን ሁሉ መልሻለሁን? ለሦስቱም «አዎን» ያለ ሰው ሊመለስ የማይቻለውን ደግሞ ለፈጣሪው ትቶ፣ ጠባሳውን ሳይደብቅም ሳያከክም ይኖራል። የተበደለውም ወገን የራሱ ፈተና አለበት፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለእርሱ ነው። ሆኖም ይህን ተረት በዳዩ ለተበዳዩ ሊተርትለት አይገባውም፤ ከእርሱ አፍ ሲወጣ ሌላ በደል ይሆናል።

ወደ ሮብ ገበያ ልመለስና ልጨርስ። እኒያ እናት የጠየቁኝን ጥያቄ በልቤ ይዤ ከቆየሁ በኋላ አንድ ነገር ለማድረግ ቈረጥሁ። የአጥቢያቸውን ካህን አስፈቅጄ፣ በእሑድ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ፣ ምእመናኑ ገና ከቅጽሩ ሳይወጡ፣ ልጁ ሌባ እንዳልሆነና ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረ ተናገርሁ። ለየቤቱ ባይደርስም ቢያንስ ለየቤቱ የሚሄዱት ሰዎች ሰምተዋል። አባትየውም ልጁ ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ፈቀደ።

ዘንድሮ ልጁ 11ኛ ክፍልን እንደ ገና ጀምሯል። የዱሮ ጓደኞቹ የ12ኛን ፈተና ወስደው ሄደዋል፤ እርሱ ከትንንሾቹ ጋር ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያመለጠውን ሒሳብ አስጠናዋለሁ። ይህን ስላደረግሁ ዕዳዬ ተከፈለ ብዬ አላስብም፤ እርሱም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ ከደብተሩ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያ ቀን በሁለታችንም ዐይን ውስጥ እንዳለ ዐውቃለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሒሳቡ እንመለሳለን።

በቅርቡ የክፍላቸው ተማሪዎች ለአለቅነት መርጠውት ነበር። ገንዘብ መሰብሰብ የሌለበት ከሆነ ብቻ እሺ እንደሚል ነግሯቸዋል።